አባ ሊባኖስ ማን ነበሩ? የአንድ ካህን ጥያቄና የዘገየ መልስ

(በማኅበራችን የአባላት መገናኛ ጉባኤ ላይ በላሊበላ ከተማ የቀረበ ንግግር)

 መንገዱ እንዳደከማችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ላሳጥር እሞክራለሁ። ለማሳጠሩ ግን ዋስ አልጠራም፤ መምህር መሆኔን ታውቃላችሁ።

አዘጋጆቹ "ስለ አንድ ቅዱስ ሕይወትና ስለተወልን ቅርስ ተናገር" ሲሉኝ ሁላችሁም ቅዱስ ላሊበላን እንደምትጠብቁ ገባኝ። በላሊበላ ከተማ ስለ ላሊበላ አለመናገር ሠርግ ቤት ገብቶ ሙሽራውን አለማየት ነው። ንጉሡን አልዘልም፤ እደርስባቸዋለሁ። ዛሬ የማነሳው ግን ስማቸው እዚሁ አለት ላይ ያለ፣ እኛ ግን አልፈናቸው የምንሄድ አንድ ሐዋርያዊ አባት ነው። አባ ሊባኖስ ይባላሉ። በገድላቸው መጣዕ በሚለው ስምም ይታወቃሉ። ነገ ጠዋት በምሥራቁ በኩል ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ጋር የምናየው ቤተ አባ ሊባኖስ በእሳቸው ስም የተሰየመ ነው።

ለምን እሳቸውን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። በ1986 ዓ.ም. ክረምት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቼ መጥቼ ነበር። እናቴ ስእለት ነበረባትና ጧፍና ዕጣን አስይዛ ከገጠር ወደ ከተማ ይዛኝ መጣች። ቤተ አባ ሊባኖስ ስንደርስ አንድ ሸምገል ያሉ ካህን በሩ አጠገብ ቁጭ ብለዋል። እናቴ መስቀል ከተሳለመች በኋላ በኩራት፣ "አባቴ፣ ልጄ እኮ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው፤ ታሪክ ነው የሚያጠናው" አለቻቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ "እሰይ፣ ተባረክ ልጄ። እንግዲህ አንተ ከተማርክ አንድ ነገር ንገረኝ። እኔ እዚህ አርባ ዓመት አገልግያለሁ። ገድላቸውን ሰምቻለሁ፣ በዓላቸውን በጥር 3 አከብራለሁ። አባ ሊባኖስ ግን የላስታ ሰው አይደሉም። ቤታቸው ለምን እዚህ ሆነ?" አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፤ አባ ሊባኖስ የሚባል ሰው መኖሩን እንኳ በቅጡ አላውቅም ነበር። ደብረ ሊባኖስ ሲባል የማውቀው የሸዋውን፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገዳም ብቻ ነው። "አባ፣ አጥንቼ እነግርዎታለሁ" አልኳቸው። እሳቸውም፣ "ግድ የለም፣ እቆይሃለሁ" አሉ።

የዛሬው ንግግሬ ያ መልስ ነው። ዘግይቷል።

ከሥሩ ልጀምር። ክርስትና ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የገባው በ4ኛው መቶ ዓመት፣ በፍሬምናጦስ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በምንላቸው አባት እጅ መሆኑን ሁላችሁም ተምራችኋል። ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ታሪኩን ከፍሬምናጦስ ወንድም ከኤዴስዮስ አፍ እንደሰማ ጽፏል። መርከባቸው ውኃ ለመቅዳት ወደብ ስትደርስ ሰዎቹ ተገደሉ፤ ሁለቱ ልጆች ግን ተርፈው ለንጉሡ ቀረቡ። አንዱ የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ፣ ሌላው የሒሳብና የደብዳቤ ሹም ሆነ። በኋላ ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ወርደው ለአትናቴዎስ ነገሩን ሲያስረዱ፣ አትናቴዎስ ራሳቸውን ጳጳስ አድርገው መልሰው ላኳቸው። የዒዛና ገንዘብም ይመሰክራል፤ ቀድሞ ጨረቃና ክብ የነበረበት ሳንቲም ላይ በኋላ መስቀል ተቀርጿል።

እንግዲህ ልብ በሉ። አባ ሰላማ ወንጌልን ያስገቡት በቤተ መንግሥት በር ነው። ንጉሥ አመነ ማለት ግን ገበሬው አመነ ማለት አይደለም። ሳንቲም ላይ ያለ መስቀል ከአምባ አምባ፣ ከቆላ ደጋ በራሱ አይሄድም። ይህን ሥራ የሠሩት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው የመጡት መነኮሳት ናቸው። ተሰዓቱ ቅዱሳን የምንላቸው፣ ጻድቃን የምንላቸው፣ ከእነሱም ጋር አባ ሊባኖስ፣ ብዙውን ጊዜ በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ6ኛው መጀመሪያ አካባቢ ይቆጠራሉ።

ገድላቸው እንደሚለው አባ ሊባኖስ ከሮም የተከበረ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ሮም ሲል ምሥራቁን፣ የቁስጥንጥንያውን መንግሥት ማለቱ ነው። ወላጆቻቸው ሚስት ሲያጩላቸው ሙሽርነቱን ትተው ወደ በረሃ ሄዱ፤ ከአባ ጳኩሚስ ዘንድ መነኮሱ፤ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ተላኩ። የታሪክ ተማሪ የሆናችሁ እዚህ ላይ እጅ ልታወጡ እንደምትችሉ አውቃለሁ። ጳኩሚስ ያረፉት በ4ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነውና ዘመኑ አይገጥምም። ልክ ናችሁ። ገድል ግን የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም። "ከጳኩሚስ ዘንድ መነኮሰ" ሲል የምንኩስናውን የዘር ሐረግ መንገሩ ነው፤ እኛ "የእገሌ ተማሪ ነኝ" እንደምንለው። የቅኔ ተማሪ ዋድላ ባይደርስም ዜማ ልኩ የዋድላ ነው ይባል የለ? እንደዚያ ነው።

ትውፊቱ ለአባ ሊባኖስ የሚሰጣቸው ትልቁ ሥራ የማቴዎስን ወንጌል ወደ ግዕዝ መተርጎማቸው ነው። አንድ ሰው ብቻውን ተረጎመው ብለን ባንምልም፣ ሥራው በአክሱም ዘመን መሠራቱ እርግጥ ነው። ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላት ብራናቸው ተመርምሮ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚወድቅ ታውቋል። ትርጉሙ ከዚያ ጋር እኩያ ወይም የቀደመ ነው ማለት ነው።

መተርጎም ምን ማለት እንደሆነ ትንሽ እንቁም። ዛሬ በአፋችን የሚመላለሱት ቃላት ስንቱ የእነዚያ ሰዎች ድካም ነው! "ወንጌል" የምንለው ከግሪክ የመጣ ነው፤ "ጳጳስም" እንዲሁ። "ኦሪት" ከአራማይክ ነው። "ሃይማኖት" የምንለው ቃል ራሱ፣ ይህ ሁሉ ሰው የሚሞትለትና የሚጣላበት ቃል፣ ከአራማይክ የተቀበልነው ነው። የውጭ ሰው መጥቶ አገሬው በገዛ ቋንቋው እንዲያምን ማድረግ ቀላል አይደለም። ግሪክኛ ተማሩና ወደ እኛ ኑ ማለት ይቻል ነበር። እነሱ ግን ግዕዝ ተምረው ወደ እኛ መጡ። ይህን ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ ያለው የገድሉ ክፍል ነው እኔን እንቅልፍ የነሳኝ። አባ ሊባኖስ አክሱም ሳሉ ጳጳሱ ኤልያስ ይባሉ ነበር። አባ ሊባኖስ በዚህ ጳጳስ ላይ ተነሡባቸው። ምክንያቱ የሃይማኖት ክርክር አልነበረም። "ክህነትን በመማለጃ ትሰጣለህ" የሚል ነበር፤ የሐዋርያት ሥራ ላይ ያለው የሲሞን መሠርይ ኃጢአት። ቁም ነገሩን በዛሬ ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ "ሹመት ትሸጣለህ" አሏቸው። ውጤቱን መገመት አይከብድም፤ ከአክሱም መውጣት ግድ ሆነባቸው። ወደ ሰሜን፣ ወደ ሽመዛና ሄደው በዓታቸውን እዚያ አጸኑ። ዛሬ በኤርትራ፣ በአከለ ጉዛይ ሐም በሚባል ቦታ ያለው ደብረ ሊባኖስ የእሳቸው ገዳም ነው። የሸዋው ገዳም ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱ ደብረ አስቦ ይባል የነበረው ሲሆን ደብረ ሊባኖስ የተባለው በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ነው። እኔ ካህኑ ፊት የቆምኩ ጊዜ ሁለቱን አንድ አድርጌ ነበር የማውቀው።

አሁን ወደ ካህኑ ጥያቄ። ገድሉ የሚዞርባቸው አገሮች በአብዛኛው ትግራይና ሽመዛና ከሆኑ፣ ቤታቸው ለምን ላስታ ሆነ?

መልሱን ያገኘሁት ስድስት ኪሎ፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ነው። በሽመዛናው ደብረ ሊባኖስ "ወንጌለ ወርቅ" የሚባል መጽሐፍ አለ። እንደ አገራችን ልማድ ከወንጌሉ ጋር የገዳሙ የርስትና የጉልት ሰነዶች ተጽፈውበታል፤ ወንጌል ላይ የተጻፈ ውል የሚደፍር የለምና። ከሚታወቁት የግዕዝ የመሬት ሰነዶች ከቀደምቶቹ መካከል ናቸው። ከእነሱም ውስጥ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ንጉሥ ላሊበላ መሬት የሰጡበት ይገኛል። የንግሥት መስቀል ክብራ ስምም አለበት።

ይህን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ላሊበላን እኛ የምናውቃቸው በኋላ በተጻፈ ገድልና በአለቱ ነው። እዚህ ግን ንጉሡ በሕይወት ሳሉ፣ መሬት ሲሰጡ፣ ሹማምንቶቻቸው ተዘርዝረው እናገኛቸዋለን። ያ ሰነድ የተቀመጠውም በላስታ ሳይሆን በአባ ሊባኖስ ገዳም ነው። የዛግዌ ነገሥታት ከሽመዛናው ገዳም ጋር የቆየ ዝምድና ነበራቸው ማለት ነው። እንግዲህ በገዛ ከተማቸው ለዚያ ገዳም ጻድቅ ቤት ቢሰየም ምን ይደንቃል? ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የተሻለ ያለው ይምጣ። ለካህኑ ግን ይዤው ልሄድ የምችለው መልስ ይህ ነበር።

ስለ ቤቱ አሠራር ሁለት ቃል ልበል፣ ነገ እንድታስተውሉት። ቤተ ጊዮርጊስና ቤተ መድኃኔ ዓለም ከላይም ከጎንም ከአለቱ ተለይተው የቆሙ ናቸው። ቤተ አባ ሊባኖስ ግን በአራቱም ጎን ዙሪያውን ተፈልፍሎ ሲለይ፣ ጣሪያው ብቻ ከላይ ካለው አለት ጋር እንደተያያዘ ቀርቷል። ከኋላው ባለው ጠባብ መተላለፊያ ዞራችሁ መምጣት ትችላላችሁ። የአገራችን ሰው ይህን ቤት መስቀል ክብራ በመላእክት ረዳትነት በአንድ ሌሊት ሠሩት ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ንጉሡ ካረፉ በኋላ ለመታሰቢያቸው ያሠሩት ነው ይላል። ሁለቱም ወገን ግን ቤቱን የንግሥቲቱ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ታሪክ አንድ የሚያስገርም ነገር አስቀምጦልናል። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ፣ በዚያው ዘመን ከኢትዮጵያ ወደ ግብፅ ስለተመለሱ ሚካኤል ስለተባሉ ጳጳስ ተጽፏል። ክሳቸው ምን ነበር? ንግሥቲቱ ወንድሟን ኤጲስ ቆጶስ አስደርጋ፣ እሱም ሥልጣኔን ነጠቀኝ የሚል ነው። ክሱ የአንድ ወገን ነው፤ የንግሥቲቱን ቃል አልሰማንም። ግን አስቡት። በዝምድና ሹመት የተከሰሱ ንግሥት፣ ሹመት ትሸጣለህ ብለው ጳጳስ ለገሠጹ ጻድቅ ቤት አሠሩ! ስላቅ ነው? ንስሐ ነው? ወይስ ነገሩ እንዲሁ ገጠመ? አላውቅም። እኔ ግን በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

ከዚህ የባሰ የሚያስገርም ልጨምርላችሁ። ስለ አባ ሊባኖስ ከገድላቸው ሌላ አንድ ድርሳን አለ። ድርሳኑ አባ ሊባኖስን ያወድሳል። የማን ነው? የአክሱም ጳጳስ የኤልያስ ነው ይላል። አዎ፣ ያው ኤልያስ። ተከሳሹ ስለ ከሳሹ ያቀረቡት ውዳሴ ሆኖ ወደ እኛ ደርሷል። ብዕሩን የያዙት ኤልያስ ራሳቸው ይሁኑ ወይ ሌላ በስማቸው ይጻፍ፣ ያቆየችው ቤተ ክርስቲያን ምን ማለት እንደፈለገች ይገባኛል። ገሣጩ ብቻ ሳይሆን ተገሥጾ የተመለሰውም ሊታወስ ይገባዋል ማለቷ ነው።

ይህን ድርሳን እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት የእኛው ሰው፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በእኛ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። በ1968 ዓ.ም. የደርግ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው በጥይት መትተዋቸው እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀረ። ከአገር ወጥተው በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሸዋና ከወሎ፣ ከሌላውም አገር በማይክሮፊልም የተሰበሰቡትን ብራናዎች አንድ በአንድ ሲያነቡና ሲመዘግቡ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ፣ ከአገር ርቆ፣ የአገሩን ብራና ዕድሜ ልክ ማንበብ ምን ዓይነት ፍቅር እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ወዳጆቼ፣ ስለ ኤልያስ ከተናገርኩ የራሴን ሳልናገር ብወርድ ግብዝነት ነው። ከዓመታት በፊት ባገለገልኩበት በአንድ መሥሪያ ቤት የቅጥር ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ፈተናውን በአንደኛነት ያለፈው ልጅ የገበሬ ልጅ ነው፤ የሚያውቀው ሰው የለም። ሁለተኛ የወጣው ግን ሰው ነበረው። ቃለ ጉባኤው ሁለተኛ ጊዜ ሲጻፍ ተራቸው ተገለባበጠ። እኔ ገንዘብ አልተቀበልኩም። አንድም ቃል አልተናገርኩም። ፈረምኩ ብቻ። "ብናገር ምን ይለወጣል?" ብዬ ነበር ያኔ ራሴን ያጽናናሁት። ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ያን ቀን ማታ ግን የማስተምረው ስለ አክሱም ዘመን ነበር። ስለ አባ ሊባኖስና ስለ ኤልያስ ተናግሬ፣ ተማሪዎቼ ጽፈው ወጡ። እኔ መድረኩ ላይ ቀረሁ።

ይህን የምለው ልታዝኑልኝ አይደለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንቶቻችን ፈርመናል? ውጤት የሰጠን፣ ዕድገት የወሰንን፣ የትምህርት ዕድል ያከፋፈልን፣ የወንበር ባለቤቶች ነን። ሰው ሁሉ ሊባኖስ አይሆንም፤ ከከተማ ተባርሮ ገዳም ለመመሥረት ሁሉም አቅም የለውም። ኤልያስን መሆን ግን እንችላለን። "ያ የገሠጸኝ ሰው ልክ ነበር" ማለት እንችላለን። እኔ ዛሬ በእናንተ ፊት ያን እያልኩ ነው።

አሁን ቃል የገባሁትን ላንሳ። መልሱን ይዤ ወደ ካህኑ የተመለስኩት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ዘጠኝ ዓመት! አርፈዋል። በቦታቸው ያገኘሁት ወጣት ቄስ "አባታችን ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ መልስ ያመጣልኛል ይሉ ነበር" አለኝ። ለእሱ ነገርኩት። በጽሞና ሰማኝና፣ "ጋሼ፣ ይህ የት ተጽፏል? ልናነበው እንችላለን?" አለኝ።

ምን ልበለው? ወንጌለ ወርቅ በኤርትራ ነው። ሰነዶቹን እ.ኤ.አ. በ1901 ያሳተማቸው በኤርትራ የጣልያን ቅኝ አስተዳደር ባለሥልጣን የነበረው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ነው፤ ማብራሪያው በጣልያንኛ። የአባ ሊባኖስን ገድልና ተአምር እ.ኤ.አ. በ2003 በጥንቃቄ ያሳተሙት አሌሳንድሮ ባውዚ ናቸው፤ እሱም በጣልያንኛ። ድርሳኑ በአውሮፓ መጽሔት ላይ በእንግሊዝኛ። እኔም የማውቀውን የጻፍኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ማዕረግ የሚያሰጠው እሱ ስለሆነ። የቤቱ ባለቤቶች፣ ስምንት መቶ ዓመት ጧፍ ሲያበሩ የኖሩት፣ ስለ ቤታቸው የተጻፈውን ማንበብ አይችሉም።

አባ ሊባኖስና ጓደኞቻቸው ግን ያደረጉት የዚህን ተቃራኒ ነው አልኳችሁ። የሰውን ቋንቋ ተምረው፣ መጽሐፉን በሰው ቋንቋ አስቀምጠው ነው ያለፉት። ስለ እሳቸው ተመራምረን የእሳቸውን ሥራ አፈረስን ማለት ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ ነገ ራሳችሁ ታዩታላችሁ። በ2000 ዓ.ም. በቤተ መድኃኔ ዓለም፣ በቤተ ማርያም፣ በቤተ አማኑኤልና በዚሁ በቤተ አባ ሊባኖስ ላይ በብረት ምሰሶ የተሸከሙ መጠለያዎች ተሠርተዋል። ዝናብና ፀሐይ አለቱን እየበላው ስለነበር በቅን ልብ የተሠሩ ናቸው፤ ከዝናብም ጠብቀዋል። ጊዜያዊ ናቸው ተብሎ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን ሕዝቡ ምሰሶዎቹ ቢወድቁስ፣ ክብደታቸው አለቱን ቢጎዳስ እያለ መጨነቅ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በአደባባይ ወጥቶ ጮኸ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ስለ ብረቱ አልፈርድም። ነገር ግን የአካባቢው ካህናት ከልጅነታቸው ጀምሮ ውኃው በየት እንደሚወርድ፣ ስንጥቁ መቼ እንደሰፋ ያውቃሉ። ይህ እውቀት ከምሁሩ ወረቀት ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥበት ቀን ያስፈልገናል። ከእናንተ መካከል መሐንዲሶች፣ የአለት ተመራማሪዎች፣ የሕግ ሰዎች አላችሁ።

ይህ አገር ባለፉት ዓመታት ምን እንዳሳለፈ መንገር አያስፈልገኝም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውራለች፤ ከዚያም በኋላ የተኩስ ድምፅ አልራቃትም። እንግዳ ጠፋ፤ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ጠላ ጠማቂዋ ሥራ ፈቱ። ቅዳሴው ግን አልተቋረጠም። ስለዚህ ከእኛ የሚጠበቀው የመጽናናት ቃል ብቻ ሊሆን አይገባም።

ሦስት ነገር ለማኅበራችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የአባ ሊባኖስ ገድል፣ በኤልያስ ስም ያለው ድርሳንና የላሊበላ የመሬት ሰነዶች ከግዕዙ ጋር በአማርኛ ተተርጉመው፣ በቀላል ዋጋ ታትመው፣ መጀመሪያ ለዚህ ደብርና ለላስታ ትምህርት ቤቶች ይሰጡ። ግዕዙን የሚያውቁ መርጌቶች እዚህ አሉ፤ ጣልያንኛውን የሚያውቁ መምህራን እናንተ ጋ አሉ። ለትርጉሙ ሁለቱም እኩል ይከፈሉ፤ መርጌታውን "መረጃ ሰጪ" ብሎ በግርጌ ማስታወሻ መሸኘት ይብቃ።

ሁለተኛ፣ ከወሎ አብያተ ክርስቲያናት በማይክሮፊልም ተነሥተው ሚኒሶታ የተቀመጡት የብራና ቅጂዎች ዛሬ በኢንተርኔት የሚታዩበት ዘመን ነው። የአገሩ ካህን በየደብሩ ያለውን የራሱን መጽሐፍ ቅጂ የሚያይበት አንድ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተርና ሥራውን የሚያውቅ አንድ ልጅ እዚህ ከተማ ይኑር። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ እኛ ለአንድ ዓመታዊ ግብዣ ከምናወጣው አይበልጥም።

ሦስተኛው ለመምህራን ነው። ላስታ መጥቶ ጥናት የሠራ ተማሪም ሆነ መምህር፣ ጽሑፉ ሲያልቅ ሁለት ገጽ በአማርኛ ጽፎ ለጠየቃቸው ሰዎች መልሶ ያምጣ። ይህ ሳይሆን ጥናቱ አለቀ አይባል። "ሳይማር ያስተማረኝ ሕዝብ" ማለት ለምረቃ ቀን ንግግር ያምራል። ሕዝቡ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቆን መልሱን እየጠበቀ ነው።

አባ ሊባኖስ ማን ነበሩ? ከሩቅ አገር መጥተው ቋንቋችንን የተማሩ፣ ወንጌሉን በእኛ አፍ ያስቀመጡ፣ ሹመት ሲሸጥ ዝም ያላሉ፣ ለዚህም ከከተማ የወጡ አባት። የተባረሩበት ከተማ ጳጳስ አመሰገናቸው፤ በዝምድና ሹመት የተከሰሱ ንግሥት ቤት ሠሩላቸው፤ የላስታ ካህናት ስምንት መቶ ዓመት ጧፍ አበሩላቸው። የእኛ ተራ ደግሞ የተጻፈላቸውን ወደ ቤታቸው መመለስ ነው።

ነገ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ስንወርድ ወጣቱን ቄስ ታገኙታላችሁ። አሁን እሱም ጢሙ ሸብቷል። የዚህን ንግግር ጽሑፍ በአማርኛ አትሜ ይዤለታለሁ። ሁለት ገጽ አልሆነም፤ ረዝሟል። እንደ መጀመሪያው ካህን እሱንም ዘጠኝ ዓመት አላስጠብቀውም።